«ለዛሬ ተዪው»፤ በበዓል ጥየቃ ጊዜ ስለሚላላው የልጆች ሥርዓት

፩

ስለ አገራችን ሕዝብ አኗኗርና ጠባይ የጻፉ ሊቃውንት የልጆችን አስተዳደግ በሚመለከተው ክፍል ላይ ሲደርሱ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት መልክ ያሳዩናል። አንደኛው የዘወትሩ ልጅ ነው፤ ይኸውም ታላላቆች ሲበሉ ቆሞ የሚያስታጥብ፣ ሳይጠይቁት የማይናገር፣ ከብት ሲጠብቅ ውሎ ማታ የተረፈውን የሚበላ ልጅ ነው። ሁለተኛው የበዓሉ ልጅ ነው፤ እርሱም አዲስ ልብስ ለብሶ በየደጁ የሚዘፍን፣ ከአያቱ ጎን ተቀምጦ የሚጎርስ፣ ሌሊቱ እስኪገፋ ሳይተኛ የሚያመሽ ልጅ ነው። ሁለቱ አንድ ልጅ መሆናቸው የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፍበትን በር ማን እንደሚከፍተውና ማን እንደሚዘጋው እምብዛም አልተመረመረም።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ነው። ጉዳዩ የቤት ውስጥ ትንሽ ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም በበዓል ጊዜ የሚላላውን ሥርዓት የምንረዳበት መንገድ የዘወትሩን ሥርዓት የምንመዝንበትን ሚዛን ይወስናል። በዓሉ ሥርዓት የፈረሰበት ቀን ነው ካልን፣ የዘወትሩ ሥርዓት ቀንበር ብቻ ነበር ማለታችን ነው። በዓሉ ራሱ የሥርዓቱ ክፍል ነው ካልን ግን ስለ ልጁም ሆነ ስለ ወላጆቹ የምንጽፈው ሌላ ይሆናል። ምሳሌዎቻችንን ይልቁንም በደጋው አገር ከሚኖረው የአማራ ክርስቲያን ቤተሰብ እንወስዳለን፤ ለማነጻጸር ባስፈለገ ጊዜም ወደ ሌሎች እናልፋለን።

፪

ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፉ የመንዝን ገበሬ ኑሮ መሠረት አድርጎ የአማራን ልጅ አስተዳደግ ሲያብራራ፣ መታዘዝንና ታላቅን ማክበርን የአስተዳደጉ ዋና ግብ አድርጎ አቅርቧል። ይህ አመለካከት ከብዙ ዘመን በኋላም በጽሑፎች ውስጥ ሲደጋገም ይታያል፤ መሠረቱም ትክክል ነው። በዘወትር ቀን ልጅ ታላቅ ሲገባ ብድግ ይላል፤ በታላላቆች ጨዋታ መካከል አይገባም፤ ሲበላ ከፊቱ ብቻ ይቆርሳል፤ በሰው ቤት ምግብ ሲቀርብለት ቢርበውም «ጠግቤያለሁ» ይላል። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም የሚለው ተረትም የልጅ ሐሳብ በትልልቅ ነገር ውስጥ ምን ያህል እንደሚቆጠር ያመለክታል።

ቋንቋችንም ምስክር ነው። ሥርዓት የጎደለውን ልጅ «ስድ» እንለዋለን፤ ቃሉ «ሰደደ» ከሚለው ግሥ የወጣ ስለሆነ የተለቀቀ ማለት ነው። «ጋጠ ወጥ» የሚለውም ከጋጡ የወጣውን ከብት ያሳስባል። ከሁሉም የሚከፋው ስድብ «አሳዳጊ የበደለው» የሚለው ነው፤ ይህ ቃል ልጁን አልፎ አሳዳጊውን ይመታልና። እናት በሰው ፊት ስለ ልጇ ጠባይ የምትጨነቀው ስለዚህ ነው።

ነገር ግን እነዚህ ቃላት ራሳቸው አንድ የተረሳ ነገር ያስታውሱናል። ከጋጡ ወጥቶ በሰው አዝመራ የገባ ከብት ጋጠ ወጥ ነው፤ እረኛው ፈቶ ወደ መስክ የነዳውን ከብት ግን በዚህ ስም የሚጠራው የለም። ሁለቱም ከጋጥ ወጥተዋል፤ ልዩነታቸው ያወጣቸው ሰው መኖሩና አለመኖሩ ነው። የሌቪን ሥዕል የጎደለውም በዚህ በኩል ይመስለናል። ልጁ ለማን እንደሚታዘዝ ይነግረናል፤ ማን ሊፈታው እንደሚችል ግን በቂ ቦታ አልሰጠውም። ሥልጣን በማሰር ብቻ ሳይሆን በመፍታትም ስለሚታወቅ፣ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።

፫

ይህን ጉድለት ለመሙላት የሚሞክር ተማሪ በአብዛኛው እጁን የሚዘረጋው ስለ በዓል በጠቅላላው ወደ ተጻፉት የታወቁ አሳቦች ነው። ማክስ ግላክማን እ.ኤ.አ. በ1952 ባደረገው የፍሬዘር መታሰቢያ ንግግር የዙሉንና የስዋዚን ልማድ ጠቅሶ፣ በተወሰነ ቀን የሚፈቀድ ተቃውሞ የቆየውን ሥርዓት እንደሚያጸና አመለከተ። ኤድመንድ ሊች በ1961 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ በዓላት ዘመንን የሚከፋፍሉ ምልክቶች ናቸው አለ፤ በበዓል ቀንም ሰዎች ወይ ሥርዓታቸውን ከወትሮው ያጠብቃሉ፣ ወይ ማንነታቸውን ይሸፍናሉ፣ ወይም ሥፍራቸውን ይለዋወጣሉ ሲል በሦስት መደባቸው። ቪክቶር ተርነር ደግሞ በ1969 ባወጣው መጽሐፉ ዝቅ ያለው ለጊዜው ከፍ ስለሚልበት ሥርዓት ሲጽፍ፣ ጭምብል አጥልቀው በየደጁ ጣፋጭ የሚጠይቁትን የአሜሪካ ልጆች የሃሎዊን ልማድ በምሳሌነት አነሣ።

በአውሮፓ ታሪክ ለእነዚህ አሳቦች የሚስማማ ብዙ ማስረጃ አለ። በመካከለኛው ዘመን በእንግሊዝ አገር ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት አንድ ወንድ ልጅ በክረምታቸው የልደት ሰሞን የጳጳስ ልብስ ለብሶ የጳጳስን ሥፍራ ይይዝ ነበር፤ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ እ.ኤ.አ. በ1541 እስኪከለክለው ድረስ። ያ በእውነት ሥፍራ መለዋወጥ ነው፤ ልጁ የትልቁን ሰው ልብስ ለብሷል፣ በትልቁ ሰው ወንበር ተቀምጧል።

ጥያቄያችን እነዚህ አሳቦች በተገኙበት አገር ልክ ናቸው ወይ የሚል አይደለም። ጥያቄያችን የእኛን የበዓል ቀን ልጅ ስናይ የምናየው ይህንኑ ነው ወይ የሚል ነው። በሌላው ልክ የተሰፋ ልብስ ቢያምርም ትከሻው ላይ ሲጠብ ይታወቃል።

፬

አሁን ወደ አያት ቤት እንግባ። በእንቁጣጣሽ፣ በገና ወይም በፋሲካ ሰሞን ልጆች ያሏት ሴት ወደ እናቷ ወይም ወደ አማቷ ቤት ለጥየቃ ትሄዳለች። ልጁ ደጃፉን ሲያልፍ መጀመሪያ የሚፈጽመው ነገር ከወትሮው የላላ ሳይሆን የጠበቀ ነው። የአያቶቹን ጉልበት ይስማል፤ በቤቱ የተቀመጠውን እንግዳ ሁሉ በተራ ሰላም ይላል፤ «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ለሚጠይቀውም የአባቱንና የአያቱን ስም አስተካክሎ ይናገራል። ይህን በቅጡ ካልፈጸመ የምታፍረው እናቱ ናት።

መላላቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ማዕድ ሲቀርብ በዘወትር ቀን ውሃ ይዞ የሚያስታጥበው ልጅ አያቱ ጎን ይቀመጣል። ነገር ግን እንዴት እንደሚበላ ልብ ማለት ያስፈልጋል። እጁን ወደ መሶቡ አይሰድም፤ አያቲቱ ታጎርሰዋለች። ዶሮው በ12 ብልት ተከፋፍሎ የትኛው ለማን እንደሚወጣ የታወቀ ነው፤ በበዓል ቀንም ይህ አይለወጥም፤ አያቲቱ ለልጁ የምትሰጠው ከራሷ ድርሻ ቆርሳ ነው። እንግዲህ ልጁ በታላላቆች ማዕድ ላይ ተገኘ እንጂ የማንንም ታላቅ ሥፍራ አልያዘም። የደረሰው ሁሉ በሌላ ሰው እጅ በኩል ነው።

እናቱ በዚህ ጊዜ በዓይኗ ትቆጣጠረዋለች። ልጁ ከሚገባው በላይ ሲፈነጥዝ ዓይኗን ታጎረጥርጥበታለች፤ አልሰማ ካለም በነጠላዋ ሥር ትቆነጥጠዋለች፤ ሌላውን ቅጣት ቤቷ እስክትመለስ ታሳድረዋለች። አያቲቱ ይህን ስታይ «ተዪው፤ ለዛሬ ተዪው፤ ዓመት በዓል ነው» ትላለች። አንዳንዴም «በሞቴ» ብላ ትጨምርበታለች፤ ከዚህ በኋላ መከልከል መሐላ ማፍረስ ይሆናል።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ በዚህች አጭር ቃል ውስጥ ይገኛል። «ተዪው» የሚለው ትእዛዝ ለልጁ የተነገረ አይደለም፤ ለእናቲቱ የተነገረ ነው። ልጁን «እንደ ፈቀድህ ሁን» ያለው ማንም የለም። አያቲቱ ያዘዘችው ልጇን ወይም ምራቷን ነው፤ እርሷም ታዘዘች። እንግዲህ በልጁ ላይ የነበረው ሥርዓት በላላበት ቅጽበት፣ በእናቱ ላይ ያለው ሥርዓት በልጁ ፊት ጠበቀ። ልጁ በበዓል ቀን የሚያየው ትልቁ ነገር ጉርሻው ወይም አዲሱ ልብሱ አይደለም፤ በዘወትር ቀን የምታዝዘው እናቱ ስትታዘዝ ማየቱ ነው። ይህን ያየ ልጅ መታዘዝ የሕፃናት ዕዳ ብቻ አለመሆኑን፣ በሰው ዕድሜ ሁሉ የሚከተል ነገር መሆኑን ይማራል።

በዚህ ረገድ በእናት እናትና በአባት እናት ቤት መካከል ያለውን ልዩነት መመልከት ይጠቅማል። በገዛ እናቷ ቤት ያለች ሴት «አንቺ ነሽ የምታሞላቅቂው» ብላ ልትመልስ ትችላለች፤ መልሱም ከጨዋታ ይቆጠራል። በአማቷ ቤት ያለች ምራት ግን ዝም ትላለች። ፈቃዱ አንድ ሆኖ ሳለ የመታዘዙ ክብደት ግን ሁለት ነው። ስለ ልጁ ብቻ የሚጽፍ ተመራማሪ ይህን ልዩነት ሊያገኘው አይችልም፤ የሚገኘው በሦስቱ ሰዎች መካከል ነውና። አልፍሬድ ራድክሊፍ-ብራውን እ.ኤ.አ. በ1940 ስለ ዘመዳሞች ቀልድ በጻፈው የታወቀ ጽሑፍ አያትና የልጅ ልጅ እንደ እኩያ የሚቀራረቡበትን ልማድ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ እንደሚገኝ አሳይቷል። እኛም ዘንድ ይህ መቀራረብ አለ፤ በብዙ ቤት ልጅ ሌላውን አዛውንት «እርስዎ» እያለ አያቱን «አንቺ» ይላታል። ሆኖም የበዓሉን ፈቃድ በመቀራረብ ብቻ መተርጎም አይበቃም። አያቲቱ ልጁን ማስፈታት የቻለችው የልጁ እኩያ ስለሆነች ሳይሆን የእናቱ የበላይ ስለሆነች ነው።

ደግሞም የማይላላውን ማስተዋል ይገባል። በበዓል ጥየቃ የሚላላው የሥፍራ፣ የሰዓትና የዝምታ ሥርዓት ነው፤ ልጁ ይቀመጣል፣ ያመሻል፣ ይናገራል። ሰላምታ፣ ታላቅን አለመስደብ፣ የሰው ዕቃ ሳይፈቀድ አለመንካት፣ የምግብና የጾም ሥርዓት ግን አይላሉም። በወሎ ክርስቲያንና እስላም ዘመዳሞች በየበዓላቸው ይጠያየቃሉ፤ በዒድ ቀን ክርስቲያኑ ልጅ እስላም ዘመዱ ቤት ሄዶ እንደ ቤቱ ይጫወታል፤ ሥጋው ግን አይቀርብለትም፤ አያቅርቡለት ብሎ የሚያሳስብም አያስፈልግም። ሥርዓት የፈረሰበት ቀን ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚፈርሰው እንዲህ ያለው አጥር በሆነ ነበር።

፭

ከቤት ወደ ደጅ ስንወጣ ቡሄን እናገኛለን። ቡሄ ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው የደብረ ታቦር በዓል ነው፤ ዋዜማውን ችቦ ይበራል፣ በሰሞኑም የጅራፍ ጩኸት ይሰማል። ወንዶች ልጆች በቡድን ሆነው በትራቸውን መሬት እየመቱ በየደጁ ሆያ ሆዬ ይላሉ፤ አንዱ ያወርዳል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ባለቤቱም ሙልሙል ይሰጣቸዋል። በዘወትር ቀን በሰው ደጅ ቆሞ ዳቦ የሚለምን ልጅ ቤተሰቡን ያዋርዳል፤ በዚህ ቀን ግን መለመኑ ክብር ነው፤ ባለቤቱ ሲዘገይ በዘፈን መነካካትም ይፈቀዳል።

የተርነርን መጽሐፍ ያነበበ ሰው ቡሄን ከሃሎዊን ጋር ማመሳሰሉ አይቀርም፤ ሁለቱም ልጆች በየደጁ የሚጠይቁባቸው በዓላት ናቸውና። መመሳሰሉ ግን ከደጃፉ አያልፍም። የሃሎዊን ልጅ ፊቱን ሸፍኗል፤ ጉልበቱ የሚመጣው ማን መሆኑ ባለመታወቁ ነው። የቡሄ ልጅ ፊቱን ገልጦ ይቆማል፤ ጉልበቱ የሚመጣው የማን ልጅ እንደሆነ ስለሚታወቅ ነው። ባለቤቱን በስሙ ጠርቶ ያወድሳል፤ ሙልሙሉን ሲቀበልም ቤቱን ይመርቃል። ምርቃት በዘወትር ቀን የታላላቆች ሥራ ነው፤ በዚህ ቀን ለልጆች ተሰጠ፤ ነገር ግን ልጆቹ የሚመርቁት ታላላቆቹ በሚመርቁበት መንገድ፣ ለታላላቆቹ ቤት ነው። ስለዚህ ቡሄ ልጁን ከሥርዓት አላወጣውም፤ ታላቅ በሚሆንበት ጊዜ የሚጠብቀውን ሥርዓት አስቀድሞ አስለማመደው።

ከዚህም የሚበልጥ ማስረጃ አለ። ቡሄ የሚውለው በጾመ ፍልሰታ መካከል ነው። ፍልሰታ በአገራችን ሕፃናት ከሌሎቹ አጽዋማት ይልቅ በብዛት የሚጾሙት፣ እየጾሙም የሚቆርቡበት ጾም ነው። ሙልሙሉም የጾም ዳቦ ነው። እንግዲህ በየደጁ መጠየቅ የተፈቀደለት ልጅ በዚያው ሱባዔ በሆዱ ላይ ከዓመቱ ሁሉ የጠበቀውን ሥርዓት ይዟል ማለት ነው። ሊች በሦስት የመደባቸው ነገሮች፣ ማጥበቅና መላላት፣ እዚህ በአንድ ልጅ ላይ በአንድ ቀን ተገናኙ። እንዲህ ያለውን ቀን «የተገላቢጦሽ ቀን» ማለት ከሁለቱ አንዱን ብቻ ማየት ነው።

የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫ የሆነው ፍቼ ጨምበላላም ለማነጻጸር ይጠቅማል። በዩኔስኮ መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2015 በሰፈረው በዚህ በዓል ልጆች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ የበዓሉን ሰላምታ ያቀርባሉ። በዚያው በዓል የጎሳ ሽማግሌዎች ሕዝቡን ስለ ሥራ ትጋት፣ ታላቅን ስለ ማክበርና ከልመና ስለ መራቅ ይመክራሉ። ልጆች በየቤቱ መዞራቸውና ሽማግሌዎች ልመናን ማውገዛቸው በአንድ በዓል አብረው ይኖራሉ፤ የልጆቹ መዞር ልመና ሳይሆን የበዓል ሥራ መሆኑን ሁሉም ስለሚያውቅ እርስ በርስ አይጋጩም።

፮

ከላይ ያልነውን የሚቃወም ማስረጃ የለም ማለታችን አይደለም። ሁለት ነገር ይነሣብናል፤ አንደኛው የገና ጨዋታ ነው፣ ሁለተኛው እንቆቅልሽ ነው። በገና ጨዋታ ሩር በሚመታበት ሜዳ ላይ ማዕርግ እንደማይቆጠርና ጌታም ቢመታ እንደማይቆጣ የሚናገረው ብሂል በሁሉም ዘንድ የታወቀ ነው። በእንቆቅልሽም ልጅ አያቱን ካሸነፈ አገር ይቀበላል፤ ባገኘውም አገር ላይ እንደ ገዥ ሆኖ ይኩራራል። እነዚህ በእውነት ሥፍራ የሚለዋወጥባቸው ናቸው።

ነገር ግን ሁለቱም ጨዋታዎች ናቸው፤ ጨዋታም የራሱ ሕግ፣ የራሱ መጀመሪያና መጨረሻ አለው። እንቆቅልሽ በበዓል ቀን ብቻ ሳይሆን በማናቸውም ምሽት እሳት ዳር ይጠየቃል፤ ስለዚህ መገለባበጡ የበዓሉ ሳይሆን የጨዋታው ነው። በሩር ሜዳም ልጁ የጌታውን ቅልጥም ቢመታ የፈቀደለት ሰው የለም፤ የፈቀደለት ጨዋታው ነው። በአያት ቤት ግን የሚፈቅደው ሰው ነው። እንግዲህ ሁለት ዓይነት መላላት አለ ማለት ነው፤ አንዱ የጨዋታ ነው፣ ሰው ሁሉ በእኩልነት ይገባበታል፤ ሌላው የፈቃድ ነው፣ ከበላይ ይወርዳል። የግላክማንና የተርነር አሳብ ለመጀመሪያው ጥቂት ብርሃን ይሰጣል፤ ለሁለተኛው ግን አይስማማም። ስሕተቱ የሚመጣው ሁለቱም በአንድ ቀን ስለሚውሉ አንድ ናቸው ብሎ በመገመት ነው።

፯

አያቶች ይህን ፈቃድ ለምን ይሰጣሉ? ፍቅር ነው የሚለው መልስ እውነት ነው፤ ነገር ግን ለጥናት አይበቃም። በደጋው አገር ልጅ በአባቱም በእናቱም በኩል ይቆጠራል። አለን ሆበን ስለ ጎጃም የርስት ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ሰው በሁለቱም ወገን ባሉት ቀደምቶቹ በኩል ርስት ሊጠይቅ ይችል ነበር። ለዚህ ዘሩን መቁጠር ብቻ ሳይሆን በዘመድ ዘንድ መታወቅ ያስፈልጋል። በሌላ በኩል ጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ስለሚከለከል፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ለሁሉም ወገን ግዴታ ነው። ይህ ሁሉ የሚታወሰውና የሚታወቀው በሰርግ፣ በለቅሶና በበዓል ጥየቃ ነው።

እንዲህ ከሆነ የአያት ቤት ልስላሴ ዓላማ አለው። ልጁ ሩቅ መንገድ ተጉዞ በመጣበት ቤት እንደ ዘወትሩ ቢቆጣጠሩት በሚመጣው ዓመት መምጣትን አይወድም፤ ያልመጣ ልጅ አይታወቅም፤ ያልታወቀ ልጅም ለወገኑ የጠፋ ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ከሆነ ወዲህ የርስት ክርክር አብቅቷል። ጥየቃው ግን አልቀረም። ምክንያቱ ልማድ ብቻ አይደለም፤ ሰባት ቤት መቁጠር አሁንም አለ፤ በከተማ ሥራ የሚፈልግ፣ በሕመም የሚወድቅ፣ ቀባሪ የሚያስፈልገው ሰውም ሁሉ ዘመድ ይሻል። «ለዛሬ ተዪው» የምትል አያት ለልጁ አንድ ቀን ስትሰጠው፣ ለወገኗ ደግሞ አንድ ሰው ታተርፋለች።

፰

ይህን የምንጽፈው ያለፈውን ለመዘከር ብቻ አይደለም። ዛሬ ሦስት ለውጦች ይታያሉ፤ ስለ በዓሉ ያለን አሳብ የተሳሳተ ከሆነ ለውጦቹንም አሳስተን እንተረጉማለን።

መጀመሪያ፣ በታላላቅ ከተሞች ቡሄ ከሙልሙል ይልቅ በገንዘብ ሆኗል፤ ባለቤቱና ዘፋኞቹም ብዙ ጊዜ አይተዋወቁም። ጥበቃ በሚቆምበት ሰፈርና በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ደጅ «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ጥያቄ መልሱን የሚያውቅ ሰው አጥቷል። ፊቱ ያልተሸፈነ ቢሆንም ያልታወቀ ልጅ ጭምብል እንዳጠለቀ ይቆጠራል። እንግዲህ የተርነር አሳብ ለእኛ ቡሄ የሚስማማበት ጊዜ ቢመጣ፣ የመጣው ቡሄ ከመሠረቱ እንዲህ ስለነበረ ሳይሆን መተዋወቁ ስለ ጠፋ ነው።

ሁለተኛ፣ በውጭ አገር የሚኖሩ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡት በአብዛኛው ትምህርት ቤቶቻቸው በሚዘጉበት በሐምሌና በነሐሴ ነው። እንቁጣጣሽ ሲደርስ የእነርሱ ትምህርት ተጀምሯል፤ ገናም የሚውለው የእነርሱ የልደት ዕረፍት ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ጥየቃው ከበዓሉ ተለየ፤ ጥየቃው ራሱ በዓል ሆነ። ይህ በዓል ግን አንድ ቀን ሳይሆን ሦስት ወይም አራት ሳምንት ነው። «ለዛሬ» የሚለው ቃል ትርጉም ያጣል፤ «ዛሬ» የማያልቅ ሆኗልና። አያቲቱም ፍልሰታን እየጾመች ለመጣው ልጅ እንቁላል ትጠብሳለች፤ በዚያው ቤት ያሉት የእድሜ እኩዮቹ የአክስትና የአጎት ልጆች ደግሞ ይጾማሉ። አንዱ በልቶ ሌላው ሲያይ፣ ልጆቹ የሚማሩት ፈቃድ በዕድሜና በዝምድና ሳይሆን በመጡበት አገር እንደሚሰጥ ነው።

እናቲቱም ብትሆን በዚህ ቤት የምትታዘዝ ሆና አትታይም። ወጪውን የሸፈነችው እርሷ ናት፤ የልጁን ምግብና የመኝታ ሰዓት የምትወስነውም እርሷ ናት። አያቲቱ «ተዪው» ስትል እሺ የሚላት ከጠፋ፣ ወይም እናቲቱ ራሷ «እንደ ፈለገ ይሁን» ብላ አስቀድማ ከፈታችው፣ አያቲቱ የምትሰጠው ነገር አይቀራትም። ያን ጊዜ ልጁ ከፊት ይልቅ የተፈታ ይመስላል፤ በእውነት ግን ከፈቺው ጋር ሳይተዋወቅ ይመለሳል። የአያትነት ሥልጣን በማብሰልና በማጎራረስ ብቻ ሲወሰን አያቲቱ በገዛ ቤቷ አስተናጋጅ ትሆናለች።

ሦስተኛ፣ ስለ ልጆች መብት የሚነገረው ትምህርት አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነጻ መሆናቸውን ደንግጓል። ይህን ጽሑፍ አለንጋን ለመከላከል የተጻፈ አድርጎ የሚያነበው ቢኖር አልተረዳንም ማለት ነው። የእኛ ክርክር ቅጣት ይኑር የሚል አይደለም፤ የዘወትሩን ሥርዓት ከቅጣት ጋር ብቻ አንድ አድርጎ ማየት ልክ አይደለም የሚል ነው። አስተዳደጋችን ማሰሪያ ብቻ ሳይሆን መፍቻም ነበረው፤ መፍቻውም በታወቀ ሰው እጅ ተቀምጦ ነበር። ልማዱን ለማሻሻል የሚነሣ አስተማሪ ማሰሪያውን ብቻ አይቶ መፍቻውን ካላየ፣ የሚጥለው ሁለቱንም ነው።

በአንጻሩ ደግሞ በዓል ልጅን ያበላሻል፣ አያት ያሳደገው ልጅ ሞልቃቃ ነው የሚለው የቆየ ነቀፋ አለ። ይህም ነገሩን ከግማሽ ያየ ነው። ከአያቱ ጋር ዘወትር የሚኖር ልጅ ሊሞላቀቅ የሚችለው አያት ስለሚያላሉ ሳይሆን፣ በዚያ ቤት «ተዪው» የምትባል እናት ስለሌለች ነው። ፈቃድ ትምህርት የሚሆነው ከልካይና ፈቃጅ በአንድ ቤት ሲገናኙ ነው። ከልካይ ብቻ ያለበት ቤት ልጁን ያስፈራራዋል፤ ፈቃጅ ብቻ ያለበት ቤት ያሞላቅቀዋል። የበዓል ጥየቃ ሁለቱን በአንድ ማዕድ ዙሪያ ስለሚያስቀምጣቸው፣ ልጁ በዓመት ውስጥ በጥቂት ቀን ብቻ ሊያየው የሚችለውን ነገር ያሳየዋል።

፱

እንግዲህ ወደፊት ስለ ልጆችና ስለ በዓል የሚጽፉ ተማሪዎች ምን ተፈቀደ ብለው መዘርዘር እንዳይበቃቸው እናሳስባለን። አዲስ ልብስ፣ ጉርሻ፣ ማምሸት፣ ዘፈን እያሉ መዘርዘር ለማንም አያስቸግርም፤ በማናቸውም አገር የሚገኝ ዝርዝር ስለሆነም ስለ አንድ ሕዝብ የሚነግረን ጥቂት ነው። ሊጠየቁ የሚገባቸው አራት ነገሮች ናቸው። ፈቃዱን የተናገረው ማን ነው? የተናገረውስ ለማን ነው? እስከ መቼ ነው ያለው? ይህ ሲፈቀድ በዚያው ቀን ሳይነካ የቀረው ሥርዓት የትኛው ነው? እነዚህ ጥያቄዎች በክርስቲያኑም በእስላሙም ቤት፣ በገጠርም በከተማም፣ በአዲስ አበባም በዋሽንግተንም ሊጠየቁ ይችላሉ፤ መልሳቸው በየቦታው የተለያየ ይሆናል፤ ልዩነቱም ነው የሚያስተምረን።

ለመስክ ሥራ የሚወጣ ሰው ደግሞ ዓይኑን በልጁ ላይ ብቻ እንዳይተክል እንመክራለን። ልጁ ሲፈነጥዝ ሁሉም ያየዋል። በዚያች ሰዓት እናቱን ማየት ይበልጣል፤ ቁንጥጫዋን ትታ እጇን ከነጠላዋ ሥር ስታወጣ፣ የታዘዘችው ለማን እንደሆነ ከፊቷ ይነበባልና።